የዘለልኩት ጠመንጃ

መጋዘኑን መጀመሪያ ያወቅኩት በአፍንጫዬ ነው። በሩ ሲከፈት የጀንፈል ቡና ሽታ ወጣ፣ ቀጥሎ የሰው ሽታ መጣ። ከጅማ ወጣ ብላ በምትገኝ የቡና ከተማ ውስጥ የአንድ ነጋዴ ማከማቻ የነበረ ቤት ነው፤ ፖሊስ ጣቢያው ስለሞላ እኛን እዚያ አስገቡን። መስኮት የለውም። ግድግዳው ከጣሪያው ጋር ከሚገናኝበት ላይ ለአየር የተተወ ክፍተት ነበረ፣ ቀን ቀን ብርሃን የምናየው በዚያ ነው። ሠላሳ የሚሆን ሰው ኬሻ አንጥፎ ተቀምጧል። የቤቱ ካቦ ከደዶ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ ማን የት እንደሚተኛ የሚደለድሉት እሳቸው ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "አስተማሪ ነህ አይደል? በጫማህ አወቅኩህ" አሉኝ። ጫማዬን አየሁት። እውነታቸውን ነበር።

የተያዝኩት ጊንጆ ሰፈር ካለው ቤቴ፣ ጠዋት ለሥራ ስወጣ ነው። ጅማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሻይ ይዤ ስለ አገሩ ሁኔታ የተናገርኩት ነገር ከእኔ ቀድሞ ጣቢያ ደርሶ ጠበቀኝ። መጀመሪያ ሰሞን ማን እንዳደረሰው ሳሰላስል እውል ነበር፤ ቆይቶ ያም ሰለቸኝ። እዚያ ቤት ንዴት ቶሎ ያልቃል፣ የሚተርፈው ድካም ነው። እንኳን እንቅልፍ፣ በጎን መጋደምም በተራ ነበር።

በስድስተኛው ቀን አንድ ቡና ለቃሚ አመጡ። ለለቀማ ከዳውሮ የመጣ፣ ሸቤ አካባቢ ሲሠራ የተያዘ ሰው ነው። ጫካ ላሉ ታጣቂዎች ስንቅ አቀብለሃል ተብሏል። አማርኛውም ኦሮምኛውም ከሰላምታ አያልፍም። እናቴ ዳውሮ ስለሆነች እኔ ቋንቋውን እችላለሁ። ካቦው ይሄን ሲሰሙ ከጎኔ አስተኙት፣ "አንተ አፍ ሁንለት" ብለው።

በማግስቱ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ መርማሪው ሁለታችንንም ቢሮው አስጠራን። ወጣት ነው፣ ተማሪዬ ሊሆን ይችል የነበረ ልጅ።

"ሜ ቲቸር፣ እስቲ ቁጭ በል" አለኝ ወንበር እያሳየ። "የሚለውን ንገረኝ፣ እኔ እጽፋለሁ። ቶሎ እንጨርስ፣ ብዙ ሰው አለብኝ።"

ለቃሚው ማውራት ጀመረ፣ የጀመረውም ከዝናቡ ነው። ዝናቡ ለቀማውን እንዳስተጓጎለባቸው፣ ጎደሬ ጥዶ እንደነበር፣ ድስቱ የማን እንደሆነ ሳይቀር ተናገረ። ሦስት ሰዎች ከቡናው ውስጥ ወጥተው መጡ። አንደኛው ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ አፈሙዙን ወደ እሱ አዙሮ ተቀመጠ። ጎደሬውን በሉ። አንዱ ጨው የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። በሉና ሄዱ። ሰውየው ሁሉንም በእጁ እያሳየ ነበር የሚናገረው፤ ጣቶቹ ቡና ከመልቀም ብዛት ጠቁረዋል።

ይሄን ሁሉ አሁን በደንብ አስታውሳለሁ። ያኔ ግን ሁለት ሌሊት አልተኛሁም፣ ክፍሉ ይሞቃል፣ መርማሪው ጠረጴዛውን በእስክሪብቶው መታ መታ ያደርጋል። ዝናቡን ዘለልኩት። ድስቱን ዘለልኩት።

"ሦስት ሰዎች መጡ፣ ምግብ ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው፣ በልተው ሄዱ ነው የሚለው" አልኩ።

መርማሪው ጻፈ። ለቃሚው ዞሮ ፊቴን አየኝ። ያን ያህል አውርቶ ነገሩ እንዲህ ማጠሩ ሳይገርመው አልቀረም።

አርብ ዕለት ብቻዬን ተጠራሁ። ከመርማሪው ቢሮ መስኮት የግቢው በር ይታያል። ባለቤቴ ምሳ ዕቃ በፔስታል አንጠልጥላ ከጥበቃው ጋር ቆማለች። ፀሐዩ ስለበረታባት ሻርፗን ግንባሯ ላይ ጎትታዋለች። እኔን አላየችኝም።

"የምሥራች ቲቸር" አለ መርማሪው። "ስምህ ዛሬ ከሚወጡት ጋር አለ። ይቺን የለቃሚውን ቃል ፈርምልኝና ከሚስትህ ጋር አብራችሁ ሂዱ።"

ወረቀቱ በኦሮምኛ በኮምፒዩተር የተጻፈ ነው። ከታች ለለቃሚው የጣት አሻራ አንድ ቦታ፣ ለእኔ ፊርማ አንድ ቦታ ተትቷል። ከእኔ ቦታ በላይ ትክክለኛ ትርጉም መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል። ሁለቴ አነበብኩት።

"ጠመንጃው የለም" አልኩ።

"የምን ጠመንጃ?"

"አንደኛው ጠመንጃ ይዞ፣ ወደ እሱ አዙሮ ነው የተቀመጠው።"

መርማሪው ከመሳቢያው ረቡዕ በእጁ የጻፈውን አወጣ። "ገሩ... ግን ቲቸር፣ እኔ እኮ ያልከኝን ነው የጻፍኩት። እየው። ጠመንጃ የሚል ቃል ከአፍህ አልወጣም።"

ልቆጣው ተዘጋጅቼ ነበር። ልጁ ግን ልክ ነው። ዝናቡንና ድስቱን ስዘል ጠመንጃውንም አብሬ ዘልዬዋለሁ። አፈርኩ።

በየዓመቱ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አስተምራለሁ፣ ኢንተርፕሬተርና ትራንስሌተር። ሁልጊዜ ይምታቱባቸዋል። "ሁለቱም አስተርጓሚ አይደሉም እንዴ፣ ቲቸር?" ይላሉ። የመጀመሪያው በአፉ፣ ሁለተኛው በጽሑፍ ነው የሚሠራው እላቸዋለሁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ተረት ጨምሬ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ይወጣበታል፣ ያልፋል። በሁለቱ መካከል ምን ያህል ሊወድቅ እንደሚችል ያወቅኩት እዚያ ቢሮ ውስጥ ነው። ረቡዕ በአፌ የዘለልኩትን አርብ በፊርማዬ እንዳጸናው ተጠርቻለሁ። ጠመንጃ ካለ ሰውየው ተገድዶ ያበላ ነው፤ ከሌለ ወዳጆቹን ያበላ ነው። ልዩነቱ ለእሱ ስንት ዓመት እስር እንደሚሆን መርማሪውም እኔም እናውቃለን።

"ይጨመርበት" አልኩ።

"እንዲሁ በእስክሪብቶ አይጨመርም። ቃሉ እንደገና መወሰድ አለበት፣ እሱ ደግሞ ሰኞ ነው። ያለ አንተ አይሆንም፣ ስለዚህ እስከዚያ እዚህ ነህ። የዛሬው ዝርዝር ዛሬ ያልቃል፤ ሌላው መቼ እንደሚመጣ አላውቅም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ፈርምና ሂድ። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ራሱ ይናገር የለም እንዴ?"

"በማን አፍ?" አልኩት።

አልዋሽም፣ እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር። የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ጽፌያለሁ። ባለቤቴ ፔስታሉን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው ስታዛውር አየኋት። ልቤ እዚያ ሄዶ ነበር። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩና፣ "ሰኞ ይሁን" አልኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ስህተቱ የመርማሪው ቢሆን ኖሮ ፈርሜ እወጣ ነበር ብዬ እፈራለሁ። የራሴ ሆኖብኝ ነው ያቃተኝ።

ስመለስ ካቦው፣ "ያ ረቢ! ተመለስክ እንዴ? ወጣህ ብዬ ቦታህን ለሌላ ሰጠሁት እኮ" አሉኝ። ተጠጋግተው አንድ ጥግ ለቀቁልኝ። ያደረግኩትን ለለቃሚው በዳውሮኛ ነገርኩት፤ ያልተናገርኩለትን፣ ወረቀቱ ላይ የጎደለውን፣ ሁሉንም። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"ደክሞህ ነበር" አለኝ። "አይቼሃለሁ።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ እንደገና ተቀመጥን። ለቃሚውን፣ አንድ አረፍተ ነገር ተናገርና ጠብቀኝ አልኩት። እንዲያ አደረገ። ከዝናቡ ጀመርን። ድስቱን አነሳን። መርማሪው አንገቱን እያሻሸ ይጽፋል።

"ጨውም ይጻፍ?" አለኝ በመጨረሻ።

"ይጻፍ።"

ጠመንጃው ጋ ስንደርስ አፈሙዙ በየት በኩል እንደነበር ሰውየው በእጁ አሳየ። መርማሪው ከደረቱ ፊት ለፊት ብሎ ጻፈው። ሲያልቅ አራት ገጽ ሆነ። ከመፈረሜ በፊት አራቱንም ገጽ በዳውሮኛ መልሼ አነበብኩለት። አልቸኮልኩም። መርማሪውም አላጣደፈኝም፣ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጠበቀ። ለቃሚው የጠቆረ አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ አድርጎ ተጫነ፣ እኔ ሙሉ ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩ።

በዚያው ሳምንት እሱን ወደ ጅማ ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ጠይቄ የነገረኝ የለም። እኔ የተፈታሁት ሃያ አራት ቀን ቆይቼ ነው።

ያን አርብ ለምን እንዳልወጣሁ ለባለቤቴ ለመንገር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ያን ቀን ምሳ ዕቃውን ለጥበቃው ሰጥታ፣ እየተፈታ ነው ያሏት ሰው ሳይወጣ ቀርቶባት፣ ብቻዋን በሚኒባስ ተመልሳለች። በቅርቡ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ሰውዬውስ ሚስት ነበረችው?"

አላውቅም። እነዚያን ሁሉ ቀናት ጎን ለጎን ተኝተናል፣ በቤቱ ውስጥ ቋንቋውን የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠመንጃው በየት በኩል እንደዞረበት እስከ ዛሬ ልነግራችሁ እችላለሁ። ቤት የሚጠብቀው ሰው ይኑር አይኑር ግን አልጠየቅኩትም።