በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት

ጎንደር የተከራየሁት ቤት ፊት ለፊት «የዶሮ እርባታ» የሚል ታፔላ ተሰቅሏል። ባየሁት ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ጎረቤት ምን ነካት ቢል ግድ የለኝም። ካርቱም፣ ጀብራ፣ ኒም ዛፍ ሥር ተገትሬ ሕፃን አዋቂው የሳቀብኝ በዚሁ ቃል ዘመድ ነው። አሁን የመሳቅ ተራው የእኔ ነው።

ልጅነቴ ያለቀው ዳቦ ጠፍቶ ሰው ሁሉ «ተስቁጥ በስ!» እያለ መንገድ በወጣበት ጊዜ ነው። በእኛ አፍ «ይውደቅ፣ አለቀ ደቀቀ!» እንደማለት ነው። የምንኖረው ካላክላ ነበር። እናቴ ካፉሪ በሚባል የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ሱዳናዊው አባቴ ዑስማን ደግሞ ራክሻ ይነዳል፣ እዚህ ባጃጅ የምንላትን። አርብ አርብ ጀብራ አድርሶኝ ወደ ጁምዓ ሶላት ይሄዳል። «የእናትሽን ቋንቋ ሳታውቂ ብታድጊ የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ ያላ ግቢ!» ይለኛል። ጀብራ ውስጥ አበሾች በተከራዩት ግቢ የአማርኛ ትምህርት ነበረን። የአርብ ጠዋት ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ማዶ የሚጠበሰው የሽምብራ ጣሚያ፣ የራክሻው ቤንዚን፣ ከሩቅ የሚቃጠል ጎማ። ደወል እስኪደወል ሰኞ ማክሰኞ እንጫወት ነበር። እኔ በአማርኛ እዘላለሁ፣ በዓረብኛ እቆጥራለሁ።

አስተማሪያችን ጋሽ ተፈራ አገር ቤት የባዮሎጂ መምህር የነበሩ የፖለቲካ ስደተኛ ናቸው። ታስረው ሳለ ካድሬዎች «እግዚአብሔር የለም በል» እያሉ አሳራቸውን አብልተዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ ፍጥረትን ያለ ፈጣሪ የሚያወራ ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። አንድ አርብ ናቲ የሚባል ቀልቃላ ልጅ፣ እንስሳት ቀስ በቀስ አንዱ ከሌላው የመጡ ናቸው የሚል ነገር ስልክ ላይ አይቶ ጠየቃቸው። ጋሽ ተፈራ ጠመኔ አንስተው ሰሌዳው ላይ «እንስሳት መጀመሪያ እንዴት ተራቡ?» ብለው ጻፉ።

እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀላል ጥያቄ ነበራ! «ዳቦ ስለጠፋ!» አልኩ።

ሳቁ ግቢውን አናወጠው። ጋሽ ተፈራ ራሳቸው እንባቸውን ጠረጉ። ለካ «ቡ» ጠብቆ ሲነበብ ተባዙ ማለት ነው፤ እኔ አላልቼ ምግብ አጡ አድርጌዋለሁ። ኧረ ተዉኝ፣ እናቱ በዳቦ ሰልፍ ውላ ባዶ እጇን የገባችበት ልጅ ሌላ እንዴት ያነባል?

ከዚያ ወደ ትንታኔያቸው ገቡ። አውራ ዶሮ ቀስ በቀስ መጣ ካላችሁ፣ አሉን፣ ሴቷ እሱ እስኪደርስ እንቁላሏን ታቅፋ ሺህ ዓመት ትጠብቃለች ወይ? ግማሽ አውራና ግማሽ እናት ጫጩት አይፈለፍሉም። ሁለቱም በአንድ ቀን ሙሉ ሆነው ጎን ለጎን ካልቆሙ ዘር የለም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ ሠርግ መሰለኝ። ቀጥለው «እንደ ወገናቸው» ብለው ጻፉና ሁሉም የሚወልደው ከወገኑ ብቻ ነው አሉ። አጥር የዘለለ ምን እንደሚሆን በቅሎን ጠይቁ፤ አህያና ፈረስ ተቀላቀሉ፣ እሷ ግን መካን ቀረች፣ ፈጣሪ በሩን ዘጋው።

ወገን። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። እናቴ ሱዳናዊ ስታገባ ሠርጓን ያልረገጡት ሰዎች፣ ለለቅሶና ለመዋጮ ሲፈልጓት «ወገን ለወገን» ይሏት ነበር። ናቲ ወደ እኔ ዞሮ «በቅሎ!» አለ። ጋሽ ተፈራ አልሰሙትም መሰለኝ፣ ተረቱን ቀጠሉ፤ «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች።» ልጆቹ በሙሉ እኔን አዩኝ።

ተነሳሁ። «እኔ አጎቴ አልልም። አባቴ ዑስማን ነው። አሁን በራክሻ ይመጣል፣ እዩት!»

ጋሽ ተፈራ ደነገጡ። ትልቅ ሰው እያስተማረ መጮህ ነውር ነው፣ ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ። አለዚያ የፋሲካው ንባብ ለሌላ ይሰጣል። ይህ ቀላል ቅጣት አልነበረም። ለበዓሉ የፍጥረትን ታሪክ ወላጆች ፊት እንዳነብ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። እናቴ «የሷ ልጅ አማርኛ የት ታውቅና» ያሏትን ሁሉ አፍ ልታስይዝ የሐበሻ ቀሚስ አሰፍታልኛለች። ቀሚሱ ዓይኔ ላይ መጣ። ይቅርታ የምትለዋ ቃል ግን አልወጣ አለችኝ።

«አልጠይቅም። በስ!»

የመንገዱ ቃል አጥር ዘሎ ገባ።

ቤት ስገባ እናቴ ትገርፈኛለች ብዬ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «አጎቴ ነው አላልሽም?» አላልኩም አልኳት። «እሰይ የእኔ ልጅ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ከዚያ ዞር ብላ አለቀሰች።

ፋሲካ ሲደርስ እውነትም ይውደቅ የተባለው ወድቆ ነበር፤ ከተማው በሙሉ ይዘፍናል። እናቴ ቀሚሱን አለበሰችኝ፣ አባቴ ነጭ ጀላቢያውን ለበሰ፣ ሦስታችን ሄደን ፊተኛው ወንበር ላይ ቁጭ አልን። ያነበበችው ሌላ ልጅ ናት። «እንደ ወገናቸው» የሚለው ላይ ስትደርስ እናቴ የእኔንም የአባቴንም እጅ ይዛ ወደ ላይ አነሳች። አባቴ አማርኛ አይገባውም፣ ጸሎት መስሎት «አሚን» አለ። ጋሽ ተፈራ መሬት መሬት አዩ።

ያን ጊዜ ነገ የእኛ ይመስለን ነበር። መንገዱን ሕፃን ሽማግሌው በባዶ እጁ ይዞት ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ ባለ ጠመንጃዎች ተጣሉበትና አነደዱት። አባቴ እኛን ወደ ድንበር የሚሄድ አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ «ቤቱን ማን ይጠብቃል? ኢንሻአላህ እደርስባችኋለሁ» ብሎ ካላክላ ቀረ። ስልኩ ከተዘጋ ቆየ። ሞቷል የሚለኝ ሰው ካለ ግን ይምጣና ፊቴ ቆሞ ይንገረኝ።

በቀደም ጋሽ ተፈራ ደወሉልኝ። እሳቸውም ተመልሰው አዲስ አበባ ናቸው። መውለዴን ሰምተው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ።

«ጋሽ ተፈራ፣ በቅሎዋ ወለደች» አልኳቸው።

ከዚያ በቀጭን ድምፅ «ተሳስቼ ነበር፣ ልጄ» አሉ። ስሙን ማን አላችሁት ብለው ጠየቁኝ። ዑስማን አልኳቸው። ጭኔ ላይ ያለው ትንሹ ዑስማን ይህን ጊዜ ጡት ፈልጎ ጩኸቱን አቀለጠው፤ ትልቁ ዑስማን ደግሞ፣ በሕይወት ካለ፣ ካላክላ ምን በልቶ እንደሚያድር አላውቅም። ይኸው ጋሽ ተፈራ፣ ያኔ የነፈጉኝን ንባብ ዛሬ እኔው ጽፌ አነበዋለሁ፦ ዑስማኖች ተራቡ።

አላልቶ የሚያነብ አይጠፋም። እኔ ግን አጥብቄ ነው የማነበው። በስ!