ከተልባው ብርጭቆ ጎን

የልጅ ልጄ ለፀጉሯ ተልባ ስትቀቅል እኔ ወደ በረንዳ እወጣለሁ። የካ አባዶ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ጠባብ ነው፤ ከወጥ ቤት የተነሳ ሽታ ሳሎን ለመድረስ ፈቃድ አይጠይቅም።

«እማማ፣ ተልባ እኮ ሽታ የለውም» ትለኛለች።

አለው። በባዶ ሆዱ፣ ሰው ፊቱ ቆሞ እያየው የጠጣው ያውቀዋል።

ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም። አሁን የማወራውም ልቤ ስለራራ አይደለም፤ ሊነገርባቸው የሚገባ ሰዎች ስላሉ ነው። ስማቸውን አልጠራም። ራሳቸውን ያውቃሉ።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን የካ፣ ከባሕር ዛፉ ግርጌ ነበር፤ አባቴ ሲግናል አካባቢ ትንሽ ሱቅ ነበረው። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ አክስቴ፣ የአባቴ እህት ናት። የወር አበባዬ የመጣ ቀን አሮጌ አንሶላ ቀዳ ሰጠችኝና ሁለት ነገር ነገረችኝ። «ከእንግዲህ ወንድ አጠገብ ብትቀመጪ ታረግዣለሽ። ለአባትሽ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትይ፤ በሐፍረት ትገድይዋለሽ።» ትምህርቱ በዚህ አበቃ። ጨርቁን ተደብቄ አጥቤ አልጋዬ ሥር አሰጣለሁ። ፀሐይ አይነካው፣ አይደርቅ፤ እርጥቡን መልሼ እታጠቀዋለሁ። ሽታው ከእኔ የሚወጣ ስለሚመስለኝ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ መስኮት አጠገብ ነበር የምቀመጠው።

የትምህርት ቤታችን ሽንት ቤት መዝጊያ አልነበረውም። ስለዚህ ሴቶቹ ሁሉ በየወሩ ጨጓራችንን ያመን ነበር። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ትልልቆቹ ለትንንሾቹ ያወረሱት ሰበብ ነው። «ምን ሆነሽ ነው የምትወጪው?» «ጨጓራዬን፣ ቲቸር።» ቤት የቀረሁ ቀን ለአባቴም ያንኑ አልኩት።

አባቴ አመነኝ። ስለ ሴት ልጅ ነገር የማያውቅ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ለእሱ ግን እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። ከሱቁ ተልባ አመጣ፤ ራሱ ቆላ፣ ራሱ ወቀጠ፣ ራሱ በጠበጠ።

«ቢስሚላህ በይና ጨልጪው። ጨጓራ የሚፈራው ይህን ነው።»

በየወሩ እንዲህ ሆነ። ወፍራም፣ ለብ ያለ፣ ጉሮሮ ላይ የሚንጠለጠል። እስክጨርስ ፊቴ ቆሞ ይጠብቃል። አክስቴ ከኋላው ሆና አፏን በሻሿ ሸፍና ትስቃለች። አንድ ቃል ብትነግረው በቀረልኝ ነበር። አልነገረችውም። ይህን ይዤባታለሁ።

የሚኒስትሪ ፈተና ሲቃረብ የቀረሁባቸው ቀናት ተቆጠሩብኝ። ያለ ወላጅ ማስረጃ አትፈተኚም ተባልኩ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ በዚያ በሚያምር እጁ ጻፈ፤ «ልጄ የጨጓራ ሕመምተኛ ስለሆነች እንዲታሰብላት በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ወረቀቱን ይዤ የሄድኩ ቀን መጣብኝ። መንገድ ላይ ስለታወቀኝ ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ ጠዋት ሰልፍ ቆምኩ። ዩኒት ሊደራችን ሴት ነበረች፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ወደ ፊት ጠራችኝና ወረቀቱን ተቀብላ ጮክ ብላ ለሰልፉ አነበበችው። ከዚያ ወገቤን አየች።

«ሹራብ የሚለበሰው የት ነው?»

«ቲቸር፣ እባክዎ...»

«ፍቺው አልኩሽ! ዙሪ!»

ፈታሁት። ዞርኩ። ገብቷታል። አንድ እርምጃ ቀርባ ብትከልለኝ ያልቅ ነበር።

«ይሄ ነው እንግዲህ አባትሽ የጻፈው ጨጓራ?» አለች።

ሳቁ የተነሳው ከወንዶቹ ረድፍ ነው። ከሁሉ ጮክ ብላ የሳቀችው ግን አንድ ዴስክ የምትጋራኝ ልጅ ነበረች፤ በዚያው ሳምንት እሷም «ጨጓራዋን» ታማ ነበር። በሩን ጥሼ ወጣሁና ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሮጥኩ። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ ከታች የከተማው ቆርቆሮ በፀሐይ ያብለጨልጫል። ከዚያ ሁሉ ጣሪያ ሥር አንድም የሚያሳፍር ነገር ያለበት ሌላ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

«ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አልሄድም» አልኩ ቤት እንደገባሁ።

«ፈተናውስ?» አለ አባቴ።

«አልፈተንም።»

«ተዋት» አለች አክስቴ፤ «ሱቅ ታግዝሃለች።»

በማግስቱ የዒድ ኮቱን ለብሶ ትምህርት ቤት ሄደ። ምን እንዳሉት ዛሬም አላውቅም። ሲመለስ ፊቴን አላየኝም። አክስቴ ያለችው ደረሰ፤ ገደልኩት አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ሱቁን ሳይከፍት ወጣ። ከዒድ በቀር ሱቁ ተዘግቶ ውሎ አያውቅም። ለአስር ሰላት ሲቃረብ ጫማው አቧራ ለብሶ መጣና ውዱእ ለማድረግ ሄደ።

ጠዋት እንደ ልማዱ የተልባው ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከጎኑ፣ ስኳር እንደሚጠቀልለው አድርጎ በጋዜጣ የጠቀለለው፣ በሱቁ ሲባጎ የታሰረ ነገር ተቀምጧል። ፈታሁት። ሞዴስ ነበር። ያኔ በሠፈራችን ሱቅ የማይገኝ ነው፤ ፒያሳ ድረስ ሄዶ ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞሮ፣ በየባንኮኒው ለማያውቀው ሰው ያንን ቃል አውጥቶ ጠይቋል። አባቴ፣ ሴት ደንበኛ ስትገባ እንኳ ዓይኑን የሚሰብረው ሰው።

«ተልባውን አልጠጣም» አልኩት።

ብርጭቆውን አንስቶ ራሱ ጨለጠው። ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄን ነው ሳጠጣሽ... ስግትሽ የኖርኩት?» አለና አፉን ጠረገ። «በይ ተነሺ። ሰልፉ ያመልጥሻል።»

ሄድኩ። ሰልፉ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ጥቅሎቹን ከባንኮኒው ሥር ማስቀመጥ ጀመረ። ለአንዷ ነገርኩ፤ አንዷ ለሌላዋ። ልጆቹ ከረሜላ የሚገዙ መስለው ይገባሉ። «ጋሼ...» ሲሉት ኮርኒሱን እያየ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ያቀብላቸዋል። ያቺ የሳቀችውም አንድ ቀን መጣች። ባንኮኒው ላይ እኔ ነበርኩ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ሌሎቹን ላስተናግድ» አልኳት። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ትንሽ አቆምኳትና ሰጠኋት። መስጠቴን ለምስጋና አልቆጥረውም፤ ማቆሜንም አልጸጸትበትም።

ዩኒት ሊደሯን ደግሞ ከብዙ ዘመን በኋላ ሲግናል የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ከዘራ ይዛለች። አላወቀችኝም። ወረፋዬን ሰጠኋት፤ ሰላምታዬን ግን አልሰጠኋትም።

ባለፈው ሰሞን ምሳ ላይ የልጅ ልጄ «ፔሬዴ መጥቷል፣ ሞዴስ አልቆብኛል» አለች፤ አባቷ ፊት፣ ጎመን እየጎረሰች። እኔ ጉርሻዬን መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ። አባቷ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «የትኛውን ዓይነት ላምጣ?» አላት። ትምህርት ቤታቸው የሴቶች ክፍል አለው፤ ቁልፍ ያለው፣ ውሃ ያለው። ከጓደኞቿ ጋር ሆና ታናናሾቹን ታስተምራለች።

«እማማ፣ አንድ ቀን መጥተሽ ንገሪያቸው።»

«እኔ ሰልፍ ፊት አልቆምም።»

«ሰልፍ የለም እኮ፤ ክብ ሠርተን ነው የምንቀመጠው።»

ክብ። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

አባቴ እኔና እሱ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን ሳንነጋገር ሞተ። ሱቁን ስናስለቅቅ ከባንኮኒው ሥር በልክ በልኩ ተቆርጦ፣ ታጥፎ የተደረደረ ጋዜጣ አገኘን፤ አጠገቡ ሲባጎ። አክስቴ «ይህን ሁሉ ምን ሊጠቀልልበት ነበር?» አለች። አልነገርኳትም።

አንዷን ቅዳጅ አስቀርቻለሁ። ጠርዟ ቢጫ ሆኗል፤ እጥፋቷ ግን እሱ እንዳጠፋት ነው። ሐሙስ ወደ ልጆቹ ስሄድ ይዣት እገባለሁ።