ወርቅውሃና የሚዘገየው ሳቅ

ወርቅውሃ ለብዙ ዓመታት በሰዓቱ ስቃ አታውቅም ነበር። ሥራዋ ነዋ! ሰባኪው በኦሮምኛ ቀልድ ሲጥል ኦሮምኛ የሚሰማው ምእመን ወዲያው ይስቃል። እሷ ያን ጊዜ ማይክ ይዛ ከጎኑ ቆማለች፤ ቀልዱን በአማርኛ ለማሰናዳት አንጎሏ ይሽከረከራል። ተናግራ ስትጨርስ የአማርኛው ወገን ይስቃል። አሁን ደግሞ እኔ ልሳቅ ስትል ሰባኪው ወደ ገሃነም ተሻግሯል። ገሃነምን እየሳቁ መተርጎም አይቻልም። ስለዚህ ሳቋን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄድና ከሰዓት በኋላ ሰሃን ስታጥብ ብቻዋን ትለቀዋለች። እኔ ጎረቤቷ ነኝና ይህን አውቃለሁ።

አዳማ ፍራንኮ ሰፈር ነው የምንኖረው፤ ግቢያችንን የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። እናቷ የመቂ ሰው ነበሩ፤ አባቷ ከመንዝ የመጡ የጭነት መኪና ሾፌር። ሁለቱም አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ አሳምረው ይሰማሉ። ሲጣሉ ግን እያንዳንዳቸው ወደየቋንቋቸው ይገቡና መሐል ላይ ትንሿ ወርቅውሃ ትቀራለች። አባት «ንገሪያት፣ ይሄ ወጥ ጨው የለውም» ይላሉ። እሷ ዞር ብላ ለእናቷ በኦሮምኛ «አባዬ በመንገድ ላይ ሁሉ ስለ አንቺ ሲያስብ ነበር» ትላለች። እናት የተባለውን በጆሯቸው ሰምተዋል፤ ግን ልጅቷ ያለችው ይበልጥ ያስቃቸዋል። በዚህ ዓይነት ብዙ ጠብ አብርዳለች። እኔ የትርጉም ትምህርት ቤቷ ይህ ነበር እላለሁ።

አድጋም በዚሁ ሙያ እንጀራዋን በላች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፖስታ ቤት አካባቢ ባለ አንድ የትርጉም ቤት ትሠራለች። የልደት ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የቤት ሽያጭ ውል፤ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ። እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ያለ ደመወዝ ታስተረጉማለች።

ከዚያ ያ በሬዲዮ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር መጣ። መጀመሪያ የመጣው ወደ ትርጉም ቤቱ ነው። ግማሽ ቀን ይፈጅባት የነበረ ውል ሻይዋ ሳይበርድ ተተርጉሞ ያልቅ ጀመር። ለእሷ የቀራት አንብቦ ማረምና ማኅተም ማድረግ ሆነ። ባለቤቱ ደስ አለው፤ ደንበኛውም ደስ አለው። አንድ ቀን ማታ ማታ እንደምናደርገው አጥሩ ላይ ተደግፈን ስናወራ እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ ሰንበታ፣ ነገርየው እኮ ጎበዝ ነው። ቀኑን ሙሉ ስሕተቱን ስፈልግ እውላለሁ። ሳገኝ ደስ ይለኛል፤ ሳጣ ይከፋኛል። ክፉ አማት ሆኜ አረፍኩት!»

«ታዲያ ድካሙ ቀነሰልሽ አይደለም?»

«እሱ ነው ችግሩ። ሳይደክመኝ ነው ቤቴ የምገባው። ሳይደክሙ መግባት እንዴት እንደሚያደክም አያውቁም።»

«እኔ ዕድሜዬን ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ያንን ድካም አምጥተው ቢሰጡኝ በሁለት እጄ ነበር የምቀበለው።»

«ይሳቁብኝ እሺ!» አለችና እሷም ሳቀች። ሰፈሩም ሳቀ። ግራ ጆሮዬን የወንጂ ማሽን ወስዶታል፤ ቀኙም የሚሰማው ሲጮኹለት ነው። ስለዚህ የእኔና የወርቅውሃ ወሬ የፍራንኮ ሁሉ ወሬ ነው።

እንግዲህ በሙሉ ልቧ የምትሠራው የቀራት የእሑዱ ብቻ ነበር። እሑድ ጠዋት ቀድማኝ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አሳምራ፣ እንደ ሙሽራ ስትወጣ አያታለሁ። እሱም ቢወሰድባት ምን እንደምትሆን እንጃ ብዬ እሰጋ ነበር።

ተወሰደ።

የወሰደው ክፉ ሰው አይደለም። ጋሮምሳ ይባላል፤ የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ አባል፣ መሐንዲስ፣ ለሽማግሌ ወንበር የሚለቅ ልጅ ነው። ሰባኪው የሚናገረውን እየሰማ ወዲያው በአማርኛ የሚጽፍ ነገር ከትልቅ ስክሪን ጋር አምጥቶ መድረኩ ላይ ሰቀለ።

«እህት ወርቅውሃ፣ ስንት ዘመን ደከምሽልን! አሁን እረፊ» አላት በሁላችን ፊት።

«ደከመኝ ያልኩት መቼ ነው?»

«አንቺማ አትይም። እኛ ነን ያየነው።»

አጨበጨብንላትና ብርድ ልብስ ሸለምናት። ወፍራም፣ ባለ አበባ ብርድ ልብስ፣ በአዳማ ሙቀት! ተሸክማው ስትመለስ «አባባ፣ የገባዎት ነገር አለ? ተኚ ማለታቸው ነው» አለችኝ።

እውነት ለመናገር እኔ ስክሪኑን ወደድኩት። ኦሮምኛዬ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም፤ ወርቅውሃ ስታስተረጉምም ግማሹ ጆሮዬ ሳይደርስ ይወድቃል። ፊደል ግን አውቃለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ማንም ሳያስተምረኝ ከመድኃኒት ካርቶንና ከመዝሙር መጽሐፍ ላይ ለቅሜ ያወቅሁት ነው። አሁን ስብከቱ በትልልቅ ፊደል ፊት ለፊቴ ሲጻፍልኝ ዐይኔ ጆሮ ሆነ። አንዲት ቃል ሳታመልጠኝ ስብከት ስከታተል በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ወርቅውሃ አጠገቤ ተቀምጣ ደስታዬን አየች። «እርስዎ ደስ ካለዎት እኔም ደስ ይለኛል» አለች። አፏ ያለውን ግን ፊቷ አልደገመውም። ከዚያ ወዲያ እሑድ ጠዋት እኔ በሯን እያንኳኳሁ «ኧረ ረፈደ!» የምላት ሆንኩ።

በእንዲህ ያለ አንድ እሑድ ነው ሰባኪ ኡርጌሳ ከሻሸመኔ የመጣው። ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲናገር መድረኩ ይነቃነቃል። አንድ ልማድ አለው፤ ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በኋላ «ዱጋ!» ብሎ ይጮኻል። ዱጋ በኦሮምኛ እውነት ማለት ነው። ብዙ ሰው ሰብስበው «ጠጡ» ሲሉም ያው ዱጋ ነው። አዳማ ያደገ ልጅ የትኛው የት እንደሚገባ ይለያል። ስክሪኑ ግን አዳማ አላደገም።

«ጌታ መንገድ ነው! ጠጡ!» ብሎ ጻፈ።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ጠላ የቀመሰ ሰው ለሳምንት አንገቱን ደፍቶ የሚሄድበት ቤት ነው። ዐይኔን አሸሁ። ቀጠለ፦

«ኃጢአት ሰውን ያዋርዳል! ጠጡ!»

ከኋላ አንድ ሰው ሳል መሰል ነገር አሳለ። ሰባኪው ስክሪኑ ከኋላው ስለሆነ አያይም። ሕዝቡ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መንፈስ የወረደ መሰለውና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ስካር ቤት ያፈርሳል! ጠጡ!»

በቃ። አዳራሹ ፈነዳ። ጋሮምሳ ሽቦ የሚያይ መስሎ ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ወደ ወርቅውሃ ዞር ስል ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ዕንባዋ ይወርዳል። ከሁሉም ሰው እኩል፣ በዚያችው ቅጽበት! ማይክ የለ፣ የምታሰናዳው ነገር የለ።

«አባባ፣ ይያዙኝ! ልወድቅ ነው!»

«እኔንስ ማን ይይዘኛል?»

በመጨረሻ ከፊት የተቀመጡ ሰዎች በእጃቸው ሲያመለክቱ ሰባኪው ዞሮ አነበበ። ጭኑን መትቶ ከሁላችን በላይ ሳቀ። ሰው ሲስቅለት ደግሞ ማን ዝም ይላል? ያኔ በኦሮምኛ ስለ አንድ የመቂ ደላላ ማውራት ጀመረ። ደላላውን ሆኖ ሲናገር አፍንጫውን ይይዛል፣ ይንቦጫረቃል፣ ዐይኑን ያፈጣል። እኔ ስክሪኑን እንጂ ወዴት ልይ! የተጻፈው ይህ ነው፦

«ዓለምን ክደሃል? ድምፅ አይሰማም። ዓለምን ክደሃል? ድምፅ አይሰማም።»

የኦሮምኛው ወገን በሳቅ እየተገለበጠ ወንበር ላይ ወደቀ። ስክሪኑ አንዲት ቃል ጨመረ፦

«ሳቅ።»

እኔ ለተጻፈ ነገር አክብሮት አለኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ሳቅሁ። ወዲያው ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሽበቴን ይዤ ተቀምጬ «ሳቅ»? በአንተ? ቅድም እንኳ «ጠጡ» ሲል አክብሮ ነበር!

«ማንን ነው አንተ የሚለው ይሄ?» አልኩ። ቀስ ብዬ ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ ሦስት ወንበር ወዲያ ድረስ ተሰምቷል።

ወርቅውሃ ትንፋሿ አጠራት። «አባባ፣ ሳቅ ተሰማ ለማለት ነው እንጂ እርስዎን ማዘዙ አይደለም።»

«ታዲያ ተሰማ ብሎ አይጨርስም?»

«እርስዎ ምን አለብዎት! ለእኔ ሳቂ እንኳ አላለኝም!»

እኛ እንዲህ እየተባባልን ሳለ ከፊታችን የተቀመጠችው፣ አሳየች የምትባለው፣ ዞረች። ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋ፣ ከሆሳዕና የመጣች ልጅ ናት፤ ኦሮምኛ አትሰማም። «ምን አለ? ኧረ ምን አለ? እትዬ ወርቅውሃ፣ ንገሪኝ!» አለች። ከእሷ ወዲያ ሁለት ሦስት ረድፍ ሙሉ ሰው አውቶቡስ እንዳመለጠው አፉን ከፍቶ የሚስቁትን ያያል።

ወርቅውሃ ልጅቷን አየች፤ የሚስቁትን አየች። ከዚያ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«እናንተ የአማርኛ ሰዎች! ወደዚህ!» ብላ ጮኸች፤ ማይክም የላት። «አንድ የመቂ የሽንኩርት ደላላ ጌታን ተቀበለና ሊጠመቅ ዝዋይ ሐይቅ ገባ። አጥማቂው ‹ዓለምን ክደሃል?› አለው። ደላላው ‹ሌሎቹ ስንት ስንት ካዱ?› አለ። ደፈቀው!»

አፍንጫዋን ያዘች። ውሃ የገባበት ሰው ድምፅ አወጣች።

«‹ዓለምን ክደሃል?› ‹እሺ ግማሹን!› ደፈቀው። ‹ዓለምን ክደሃል?› ‹ኧረ ጌታዬ ይቀንሱልኝ፣ ሩቡን ብቻ ልያዝ!› ደፈቀው፤ አቆየው። ሲወጣ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ሁሉንም! ሁሉንም ክጃለሁ! ግን የእኔስ ኮሚሽን?›»

የአማርኛው ወገን በተራው ተገለበጠ። ይህን ሲያዩ የኦሮምኛዎቹ እንደገና ጀመሩ። አሳየች ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። «ይቀንሱልኝ» የሚለው በሰባኪው ቀልድ ውስጥ እንዳልነበረ በኋላ ሰምቻለሁ፤ ከራሷ ነው የጨመረችው።

ሰባኪ ኡርጌሳ የገዛ ቀልዱ ሁለተኛ ሲፈነዳ ሰምቶ ተደነቀ። «ያ ኦቦሌቲ፣ ኮቱ!» አላት፤ እህቴ ነይ ማለቱ ነው። «ነይ ውጪ ወደ መድረኩ!»

«አልመጣም! እኔ ዐርፌያለሁ፤ ብርድ ልብሴንም ተቀብያለሁ!»

ያን ዕለት ስብከቱ የት እንደደረሰ የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም።

ስንወጣ ጋሮምሳ በር ላይ ጠበቃት። ዐይኑ በሳቅ ቀልቷል። «እትዬ፣ ተሳስተናል። ስክሪኑን ላንሳው?»

«እስቲ ንካውና ከአባባ ሰንበታ ጋር ተያያዝ! እሳቸው ምን ሊያነቡ ነው? ስብከቱን እሱ ይጻፍ። ቀልድ ሲመጣ ከወንበሬ እነሣለሁ፤ ማንም አይጥራኝ።»

«እንዳላሳዝንሽ እንጂ…» አለ ልጁ፤ ሐቀኛ ነው። «ይሄ ነገር እኮ በየወሩ ይማራል። ዱጋን ይለያል፤ ነገ ከነገ ወዲያ ቀልዱንም ካንቺ አሳምሮ ይናገር ይሆናል። ያኔስ?»

ወርቅውሃ መልሳ ጠየቀችው። «አንተ መኪና አለህ አይደል?»

«አለኝ።»

«ታዲያ በየማለዳው በቁምጣ አስፋልት ለአስፋልት የምትሮጠው ወዴት ለመድረስ ነው?»

«ኧረ ለጤናዬ ነው!»

«እኔም ለጤናዬ ነው» ብላው በኩራት አለፈች። እኔም ከኋላዋ በኩራት አለፍኩ፤ ምንም ያደረግሁት ነገር ባይኖርም።

ጋሮምሳ እንዳለውም ስክሪኑ ዱጋን ለመለየት ብዙ አልቆየም። አሁን ጎበዝ ሆኗል፤ እኔም አነባለሁ። «ሳቅ» ሲለኝ ግን እስካሁን አልታዘዝም፤ ወርቅውሃ እስክትነሣ እጠብቃለሁ። እሷ ካልተነሣችም ቀልዱ እንዳልጣማት እናውቃለን፤ ለሰባኪዎቹ ይህ ከባድ ፈተና ሆኖባቸዋል። ትርጉም ቤቱ ውስጥ ያለው ሥራዋ እንደነበረው ነው፤ ማረም፣ ማኅተም። ግን ሥራው ቶሎ አለቀ ብላ ማማረሯን ትታለች። ከምሳ በኋላ የተረፋትን ጊዜ ቀልድ በማደን ነው የምታሳልፈው፤ ገበያ ላይ ትሰማለች፣ ከመቂ ሽንኩርት ከሚጭኑ ሾፌሮች ትሰማለች፣ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ስታገላብጥ ትውላለች።

ባለፈው ጠዋት ደግሞ ስልኳን ይዛ አጥሩ ጋ መጣች፤ ሳቅ አላናግራት ብሏል።

«አባባ፣ የመቂውን ደላላ ለዚህ ለማሽን ነገርኩት። ምን አለኝ መሰልዎት?» ድምፅዋን እንደ ዜና አንባቢ አደረገች። «‹ይህ ቀልድ የሚያስቀው በመንፈሳዊ ሥርዓት ክብርና በንግድ ድርድር መካከል ባለው ተቃርኖ ምክንያት ነው። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?›»

አጥሩን ይዤ ሳቅሁ። «ድገሚው!» አልኳት። ደገመችው። «ሌላ የምረዳዎት» ላይ ስትደርስ ቆርቆሮው ከሁለታችን ጋር ይንኳኳ ጀመር። በራችን ላይ ሰው ለመጫን የቆመች ባጃጅ ነበረች፤ ሸንኮራ አገዳ ታቅፈው ከኋላ የተቀመጡ አንዲት የወንጂ እናት አንገታቸውን አውጥተው «ማል ጄቴ?» አሉ፤ ምን አለች ማለታቸው ነው።

ወርቅውሃ ሥራ የምትሄድበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ቦርሳዋን አንጠልጥላ እየሮጠች ወጣች፤ ባጃጁ ውስጥ ገብታ ከእናትየው ጎን ተጠጋችና ከመጀመሪያው፣ ከሐይቁ፣ በኦሮምኛ ጀመረችላቸው። ድምፁ እኔ ዘንድ አይደርስም። ባጃጁ ግን ጥግ ሳይታጠፍ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ፣ አንድ የሸንኮራ ዘንግም መንገድ ላይ ሲወድቅ አየሁ።