የጎረቤቴ ዋስትና

በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ የቀበሌ መሰብሰቢያ አዳራሽ ሲሆን የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አዋሳ በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት እሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቀረን ነገር በየቤቱ አራት አምስት እየሆኑ በሹክሹክታ መጸለይ ነው። መዝሙሩም ከንፈር ከማንቀሳቀስ አያልፍም።

የተከራየኋትን ክፍል ከጎረቤቶቼ የሚለያት ጣራው ድረስ የማይደርስ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ባልየው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሲሆን እሁድ እሁድ የቀበሌያችንን የፖለቲካ ውይይት ይመራል። እግዚአብሔር የለም ብሎ ከልቡ ያምናል፤ ይህን ሲናገር ግን በማንም ላይ አይሳለቅም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የእሷ ነገር ከፖለቲካ የመጣ አልነበረም። የመጀመሪያ ልጇን ከቀበረች ወዲህ ፈጣሪን መጥራት እንደተወች አንድ ቀን ልብስ ስናሰጣ ነግራኛለች። እነሱ ሲያስነጥሱ እኔ እሰማለሁ፤ እኔ ሳስል እነሱ ይሰማሉ። ስለዚህ ስጸልይ ፊቴን ትራስ ውስጥ እቀብራለሁ። ተከራይቼ በምኖርበት ቤት እንደተደበቀ ሰው ነበርኩ።

አንድ ክረምት ሴትዮዋን አስወረዳት። ባሏ ለስብሰባ ይርጋለም ሄዶ ስለነበር ጋሪ አስቁሜ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ከተመለሰችም በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ከሥራ ስወጣ አጥብላት፣ አበስልላት ነበር። ባልየው ከይርጋለም ሲመለስ በር ላይ ቆሞ አመሰገነኝና፣ "አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስለ አምላክሽ አትንገሪያት፤ አሁን ለመቀበልም ለመከራከርም አቅም የላትም" አለኝ።

እሺ አልኩት። ቃሌን ጠበቅሁ፤ ግን ቀላል አልነበረም። ፊቷን አዙራ ስታለቅስ ምላሴ ላይ የሚመጣው ሁሉ የመጽሐፍ ቃል ነው። እሱን ውጬ እግሯን አሻለሁ።

መምህሩ ቤት መመላለሴ ከወገኖቼ አልተሰወረም። የጸሎት ቡድናችንን የሚመሩት ሽማግሌ አንድ ቀን መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ጠበቁኝ። እሳቸው እንደማይጠረጥሩኝ፣ ሰዎቹ ግን እንደሚፈሩ ነገሩኝ። የቀጣዩ ሐሙስ ጸሎት ማን ቤት እንደሆነ ሳይነግሩኝ ሄዱ።

እሁድ ስብሰባው ሲዘጋ ሁሉም ግራ እጁን አንስቶ "ከሁሉም በላይ አብዮቱ" ይላል። እኔም እጄን አነሳለሁ፤ ከሁሉም በላይ የሚለው ግን ከአፌ አይወጣም። መምህሩ ከመድረክ ሆኖ ለወራት አይቶ እንዳላየ ሲያልፈኝ ኖሯል። ሽማግሌው ካነጋገሩኝ በኋላ በነበረው እሁድ ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ብቻዬን እንድለው አዘዘኝ። ዝም አልኩ። ድሮ የሰንበት ትምህርት እንማርበት የነበረውን ክፍል እስር ቤት አድርገውት ኖሮ እዚያው ቆለፉብኝ።

ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ከወገኖቼ ማንም አልመጣም፤ እንዴት አድርጌ እንደተቀየምኳቸው አልደብቅም። ምሳ ይዛ የምትመጣው የመምህሩ ሚስት ነበረች። ጠባቂው ቢያመናጭቃትም በማግስቱ ተመልሳ ትመጣለች። በአምስተኛው ቀን ሳህኑን ስታቀብለኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ስሜን እየጠራሽ ስትጸልዪ እሰማ ነበር" አለችኝ።

ትራሱ አልሸፈነኝም ማለት ነው። ለባሏ የገባሁትን ቃል ያፈረስኩ መስሎኝ ይቅርታ ጠየቅኋት።

"የምን ይቅርታ? እኔ አሁንም አላምንም። ግን ስሜን የሚጠራ ሰው እንዳለ ማወቄ ደግ ነበር።"

በዘጠነኛው ቀን መምህሩ ዋስ ሆኖ ፈርሞ አስፈታኝ። ሊቀመንበሩ ውሉን አነበበልን፦ በማናቸውም የሃይማኖት ስብሰባ ብገኝ በእኔ ፈንታ የሚታሰረው እሱ ነው። ወደ ቤት ስንሄድ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅሁት።

"ተሳስተሻል ብዬ አምናለሁ" አለኝ። "ሰው ስለተሳሳተ ግን አይታሰርም።"

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌው ቤቴ መጡ። ታስሬ ሳለሁ ባለመጠየቃቸው አዝነው፣ ሐሙስ የሚገናኙበትን ቤት ነገሩኝ። ስንት ጊዜ የጓጓሁለት ነገር ነው።

"አልችልም፣ አባባ" አልኳቸው።

ምክንያቱን መናገር አልደፈርኩም። ዋስ መሆኑ ከቀበሌው አልፎ ቢወራ መምህሩ ለጴንጤ አድልቷል ተብሎ ይጠየቅበታል። አንገታቸውን ደፍተው ወጡ፤ ቀዝቅዛለች መባሌንም ሰማሁ። ገበያ ስንገናኝ የድሮ እህቶቼ መንገድ ይቀይሩብኛል። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ኖርኩ፤ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቀበሌ። ሐሙስ ሐሙስ ሰዓቱ ሲደርስ እጄ ሥራ አልይዝ ይለኛል፤ ክፍሌ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። በወገኖቼ ላይ የያዝኩት ቂም የለቀቀኝ በዚያ ጊዜ ነው። እነሱም ሊነግሩኝ የማይችሉት ነገር ይኖራቸው ይሆናል ማለት ጀመርኩ።

በመጨረሻ መምህሩ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። ዕቃቸው መኪና ላይ ሲጫን፣ የዋስትና ወረቀቱን ማስመለሱን፣ ከእንግዲህ እንደፈቀድኩ መሆን እንደምችል ነገረኝ። ሚስቱ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልቅሳ አስለቀሰችኝ።

በሳምንቱ ሐሙስ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ውስጥ የነበሩት ሴቶች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፤ የት ነበርሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አንዷ የመዝሙር ደብተሯን ወደ እኔ አስጠጋች።