በአጥር ሥር የተተወ ጌሾ

የሻረግ አድማሴ የምትኖረው ላሊበላ፣ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣው መንገድ ሥር ነው። የእንግዳ እግር ሲቋረጥ የሆቴል አንሶላ የማጠብ ሥራዋም አብሮ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ውሎዋ ጓሮዋ ውስጥ ነው። ጓሮ ይባል እንጂ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ያለች ቁራጭ መሬት ናት። መሬቱ ሲያልቅባት በዘይት ጀሪካንና በወተት ጣሳ ትተክላለች።

አብዛኛው በልውውጥ የመጣ ነው። ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷ ለሐምዲያ ጤና አዳም ሰጥታ በሶብላ ወስዳለች። ነጩን ጽጌረዳ ያገኘችው በአንድ ጣሳ አሪቲ ለውጣ ነው። በሰፈሩ ቅርንጫፍ ሊለምን የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ ባዶ እጁንም አይመለስም።

አምና ሐምሌ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስትወጣ ጽጌረዳው አንድ ቅርንጫፍ ጎድሎታል። የተቀነጠሰ አይደለም፤ በስለት ሰያፍ ተደርጎ የተቆረጠ ነው። በአጥሩ ሥር ደግሞ አፈር የተሞላ አሮጌ ጣሳ ተቀምጧል፤ ውስጡ አንዲት ችግኝ። ጎንበስ ብላ አየቻት። ጌሾ ናት።

ግራ ገባት። ጌሾ እኮ አላት፤ ሁለት እግር፣ ያውም ከአጥሩ በላይ የሚታይ። ይህን እያየ ጌሾ የሚያመጣላት ማን ነው? ልለውጥሽ ካለስ ለምን አያንኳኳም?

ለስሜነሽ፣ ለታችኛዋ ጎረቤቷ፣ ነገረቻት።

«ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ ነገር ቤትሽ አታስገቢ» አለቻት ስሜነሽ። «መተት ቢሆንስ?»

የሻረግ ሳቀችባት። ብትስቅም ግን ጣሳውን አንሥታ ገደል ወረወረችው። ወዲያው ደግሞ ቆጫት፤ «ችግኟ ምን አደረገችኝ?» እያለች ዋለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ነገር ተደገመ። ቅርንጫፍ ተቆርጧል፤ ጌሾ ተቀምጧል። ይህን ጊዜ ጣሳውን ይዛ ሐምዲያ ቤት ሄደች።

«አንቺ ነሽ እንዴ እንዲህ የምትጫወቺብኝ?»

ሐምዲያ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «በርሽን አንኳኩቼ መውሰድ እየቻልኩ ምን ሊያሰርቀኝ? ደሞ እኔ ጠላ አልጠምቅ፣ ጌሾ ከየት አመጣለሁ?»

እውነቷን ነው። የሻረግ አፈረች። ካሣ እንዲሆናት ብላ ጣሳውን እዚያው ተወችላት። ሐምዲያም «ለአጥር ይሆነኛል» ብላ በሯ ላይ ተከለችው። ሦስተኛው ጌሾ በነሐሴ ሲመጣ የሻረግ መገረሙም ሰለቻት፤ ጓሮዋ ጥግ ተከለችው።

በኅዳር ሚካኤል ጸበል ጸዲቅ ልትቀምስ የኔታ ወልደ ሩፋኤል ግቢ ገባች። የኔታ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ፊደል የቆጠሩባቸው ሽማግሌ ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ ሁለት ነጭ ጽጌረዳ ቆሞ አየች፤ አንደኛው እንቡጥ ይዟል።

«የኔታ፣ ይህ አበባ ከየት መጣ?»

ሽማግሌው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ እንደገና አስተካከሉ። «ካንቺ ነው ልጄ። ከቅዳሴ ስመለስ ቆረጥኩት። እናቴ ለምነው የተከሉት አበባ አይጸድቅም፣ የሰረቁት ነው የሚጸድቀው ትለኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ማመኔ ያሳፍራል።»

«ኧረ ግድ የለም። ግን ጌሾውን ምን ብለው ነው የሚተዉልኝ?»

«የምን ጌሾ?»

«በምትኩ የሚያስቀምጡት ነዋ!»

«እኔ ጌሾ የለኝም፣ ልጄ።»

አሁን ይባስ ተምታታባት። ሌባውን አገኘች፤ ለዋጩ ግን ሌባው አይደለም። አንድ ሰው ያደረገው ሲመስላት የሁለት ሰው ሥራ ኖሯል። እቤቷ ገብታ ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረች። ሦስቱም ቅዳሜ ነበሩ። ለካ ቅዳሜ የኔታ ብቻ ሳይሆኑ ገበያተኛውም በአጥሯ ሥር ያልፋል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በጠዋት አጥሩ ሥር ተቀምጣ ጠበቀች። አህዮች አለፉ፤ ጤፍ የተሸከሙ ሴቶች አለፉ። ከዚያ አንድ ሰውዬ አህያውን አቁሞ ከጭነቱ መሃል ጣሳ ሲያወጣ አየች። ታናሽ ወንድሟ ደግሰው ነው፤ ከትውልድ መንደራቸው ከብልባላ የመጣ።

ከተነጋገሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እናታቸው ሲሞቱ የጌሾውን ማሳ «እኩል እንካፈል» አለችው፤ «እኔ ያለማሁት ነው» ብሎ ከለከላት። ሽማግሌ ቢገባም አልሆነም።

ደግሰው ሲያያት ጣሳውን መልሶ መደበቅ ቃጣው፤ የትም አልሆነለትም።

«እታለም» አለ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«የእማዬ ጌሾ ነው። ከሥሩ የሚበቅለውን ነው የማመጣልሽ። ማሳውን አንሥቼ አላመጣው ነገር።»

«ካመጣህስ ለምን አንኳኩተህ አትሰጠኝም?»

«ባትከፍቺልኝስ?»

ልትቆጣ አሰበች፤ ቁጣው አልመጣም። ልታለቅስ ነው ብላ ስትጠብቅ እንባውም አልመጣም። ከአፏ የወጣው ያላሰበችው ነገር ነው።

«አንዱን ገደል ጣልኩት። አንዱን ለሐምዲያ ሰጠኋት።»

ደግሰው አያት። «እስላሟ ሐምዲያ? ጌሾ?»

«ለአጥር ብላ።»

ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲስቅ እንደ ልጅነቱ አፉን በእጁ ይሸፍናል። እሷም ሳቀች። ለምን እንደሳቀች ግን ለራሷም አልገባትም፤ ዘጠኝ ዓመት ያቃጠላት ነገር እዚያው ነበረ።

ምሳ ብላ አለችው፤ ገበያው ያልፍብኛል አለ። ሲመለስ ግን ጎራ ብሎ በላ። ስለ ማሳው እሱም አላነሣም፣ እሷም አላነሣችም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን አንኳኩቶ ይገባል፤ ስለ ዝናብና ስለ አህያው እግር ያወራታል፤ ይሄዳል።

ስሜነሽ በቀደም «ታረቃችሁ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

የሻረግ ጀሪካኖቿን ውኃ እያጠጣች ትንሽ አሰበች።

«እንጃ» አለች። «እኔም ይህንኑ ልጠይቀው እላለሁ፤ ሲመጣ ግን ጥያቄው ይጠፋብኛል።»