ስለ ሆዴ ማንም አልጠየቀኝም

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ አስመራ ስኖር ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ግን ሆዷ የገፋ ሴት ባየሁ ቁጥር እንደ አዲስ ይመጣብኛል።

ባለቤቴ ሃምሳ አለቃ ነበር። ናቅፋ ግንባር ከሄደ ዓመት አልፎት ነበር። እኔ ዓኽርያ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር የምኖረው። አከራዬ አደይ ምልእተ ደግ ሴት ነበሩ፤ እኔ «አደይ»፣ እናቴ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ጓለይ»፣ ልጄ ነው የሚሉኝ።

በዚያ ሰሞን ሆዴ ይነፋ ጀመር። መጀመሪያ ቀሚሴ ጠበበኝ፣ ቀጥሎ ጎንበስ ማለት አቃተኝ። የወር አበባዬ ሳይዛነፍ ይመጣል፤ ስለዚህ እርግዝና በሐሳቤም አልመጣም። ደግሞስ ከማን? ሽሮው ነው፣ ውሃው ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

የግቢው ሴቶች ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያዩት። ባሏ ዘማች የሆነን ሴት ስለ ሆዷ መጠየቅ ነውር ነው፤ ስለዚህ ማንም አልጠየቀኝም። አደይ ምልእተ ከቦኖ ስመለስ ጄሪካኑን ከእጄ ይነጥቁኛል፤ ተልባ በጥብጠው ያጠጡኛል። እኔ ሞኟ፣ ብቻዬን ስለሆንኩ አዝነውልኝ ነው ብዬ እመርቃቸዋለሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የባለቤቴ ጓደኛ፣ አንድ ዐሥር አለቃ፣ ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ባለቤቴ ከራሽኑ ቆጥቦ ስኳርና ሳሙና ልኮልኛል። እኔ ውሃ ተሸክሜ ስገባ አደይ ምልእተ ሻሂ እያጠጡት ነበር። እንዳዩኝ ብድግ አሉ።

«ግደፍዮ ጓለይ፣ ተይው። ከባድ ላንቺ አይሆንም።»

ዐሥር አለቃው ሆዴን አየ። ሻሂውን ሳይጨርስ ተነሣ።

«ደህና ናት በልልኝ» አልኩት።

«እሺ እትዬ» አለኝ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም። ቸኩሎ ነው ብዬ ሸኘሁት።

ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት ልብስ ሳጥብ ቀኝ ጎኔን ስለት የገባበት ያህል ወጋኝ። እያስመለሰኝ መሬት ላይ ወደቅሁ። አደይ ምልእተ ሮጠው መጡና «ሕርሲ እዩ፣ ምጥ ነው!» ብለው ጎረቤት ጠሩ። ታክሲ ውስጥ እጄን ይዘው በጆሮዬ እንዲህ አሉኝ፦

«ኣጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ። የማንም ይሁን፣ ልጅ የእግዚአብሔር ነው። አሳድገዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከሕመሙ ይልቅ የዐሥር አለቃው ዓይን ነበር ያስጮኸኝ።

ሆስፒታል ወዲያው ቀደዱኝ። የእንቁላል ማምረቻዬ ላይ ውሃ የቋጠረ ትልቅ ዕጢ በቅሎ ኖሯል። በራሱ ላይ ተጠምዝዞ ደም ስለተቋረጠበት ከነእንቁላል ማምረቻው አወጡት። ሐኪሙ «ካንሰር አይደለም፣ ክፉ ዕጢ አይደለም፤ ብቻ ቀደም ብለሽ ብትመጪ ጥሩ ነበር» አለኝ። ሁሉም ተመስገን አሉ።

አደይ ምልእተ አልጋዬ ሥር ተንበርክከው «ይቕሬታ ጓለይ» እያሉ አለቀሱ። እንዴት ልቆጣቸው? ያንን ሁሉ ውሃ የተሸከሙልኝ እሳቸው ናቸው።

ወደ ግንባር በሚሄድ የወታደር መኪና ሾፌር መልእክት ላክሁ። «ሆዷ በሽታ ነበር፣ ተቀዶ ወጣ በለው» ብዬ አስማልኩት። መልስ ስጠብቅ የባለቤቴ መርዶ መጣ።

ዐሥር አለቃውን በኋላ አገኘሁት፤ አንድ እግሩን አጥቷል። ነግረኸው ነበር ወይ አልኩት።

«ነገርኩት እትዬ። ከዚያ ወዲያ ስምዎትን አንሥቶ አያውቅም።»

«የሾፌሩ መልእክትስ?»

«እኛ ዘንድ የደረሰ መልእክት የለም።»

አሁን አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ሁለተኛ አላገባሁም። ሐኪሙ ክፉ አይደለም ያለውን ዕጢ እስከ ዛሬ ደግ ነው ብዬ መቀበል አልቻልኩም። ሆዷ የገፋ ሴት ሳይ፣ ባትዘመደኝም «ምንሽ ነው? ሐኪም አይቶሻል?» ብዬ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ። አንዳንዶቹ ይቆጣሉ፤ ባለጌ ይሉኛል። ይበሉኝ። በዚያ ግቢ አንዲት ባለጌ ብትኖር ኖሮ ባሌ ስሜን እየጠራ ይሞት ነበር።