የነጥብ ጫጩቴ ለቅሶ

የመጀመሪያ ለቅሶዬን የተቀመጥኩት ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው፤ ሟቿም ከጥቂት ጥቁር ነጥቦች የተሠራች ጫጩት ነበረች። እኩዮቼ ያንን መጫወቻ ታስታውሱታላችሁ፤ መዳፍ ውስጥ የሚገባ እንቁላል የመሰለ ፕላስቲክ፣ መሃሉ ላይ ቴምብር የምታህል መስኮት፣ ከሥሯ ሦስት ቁልፎች። ጫጩቷ ሲርባት ትጮኻለች፣ ካላበሏት ትታመማለች፣ ከረሷት ትሞታለች። ከጅማ ወደ ሚዛን ከተማ አውቶቡስ የሚነዳው አጎቴ ነበር ያመጣልኝ። ክንፏን ከጭራዋ ለመለየት እንኳ ያስቸግር ነበር። እኔ ግን ድምቡሼ ብዬ ስም አወጣሁላትና አንገቴ ላይ አንጠልጥያት መዞር ጀመርኩ።

ችግሩ ትምህርት ቤት ነበር። ክፍል ውስጥ ከጮኸች መምህራችን እንደሚነጥቀኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ለነበራቸው ለእትዬ ራቢያ አደራ እሰጣቸው ጀመር። እትዬ ራቢያ ከጅማ ወገን የመጡ፣ ቁጣቸውም ሳቃቸውም ቅርብ የሆነ ሴት ነበሩ፤ ሱቃቸው ኮረሪማና ላምባ ይሸታል። መጀመሪያ ላይ «ደግሞ ይቺ የፕላስቲክ ዶሮ ምን ልታመጣብኝ ነው!» ብለው አሾፉብኝ። ብዙ ሳይቆዩ ግን ስኳር እየመዘኑ ስትጮህባቸው «ቆይ የኔ እናት፣ መጣሁ» የሚሏት እሳቸው ሆኑ። በረመዳን እንኳ «ጾመኛዋ እኔ ነኝ እንጂ እሷ ምን አደረገች» እያሉ በሰዓቷ ያበሏት ነበር።

ቡና ሲደርስ መላው ቤተሰባችን በሸኮ በኩል ወዳለው የአባቴ ማሳ ለለቀማ ይወርዳል። እናቴ «ጫካ ውስጥ ትጥይዋለሽ» ብላ መጫወቻውን ስለከለከለችኝ ድምቡሼ እትዬ ራቢያ ዘንድ ቀረች። ለቀማ እወድ ነበር፤ የበሰለውን ቀይ ፍሬ መምጠጥ፣ የረጠበው አፈር ሽታ፣ ከዛፍ ዛፍ እየተጠራሩ መሳቅ። ያን ጊዜ ግን አንዲት ወፍ በጮኸች ቁጥር ድምቡሼ የጠራችኝ እየመሰለኝ ቅርጫቴን አስቀምጬ ቆሜ እቀር ነበር።

በተመለስን ዕለት እትዬ ራቢያ ሱቃቸውን ዘግተው ቤታችን መጡ። በሳህን የተከደነ ንፍሮ ይዘዋል። ዱካ ላይ ተቀመጡና እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ አላህ ያጽናሽ። ወባ ጣለኝ። ስነሳ እንዲህ ደርቃ አገኘኋት። ብነካካት ብጠራት፣ ወላሂ፣ አልመልስ አለችኝ። ሬሳ አያድርም ብዬ ከሻሼ ጫፍ ቀደድኩና ጠቅልዬ ጓሮ፣ ከሙዙ ሥር ቀበርኳት። አደራሽን በላሁ። አፉ በይኝ።»

እናቴ ሳቋ ሲመጣባት ፊቷን አዞረች። የእትዬ ራቢያን ዓይን ስታይ ግን ተወችውና አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔ እዬዬ አልኩ። ማንም ዝም በይ አላለኝም። ንፍሮው ዞረ፤ እኔም እያለቀስኩ ዘገንኩ።

በማግሥቱ አጎቴ መጥቶ ወሬውን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። «እናንተ ሰዎች፣ ምን ነካችሁ? ከጀርባው ቀዳዳ አለው፤ በመርፌ ጫን ሲሉት ሌላ ጫጩት ይፈለፈላል። ቆፍረን እናውጣው እንጂ!»

እትዬ ራቢያ አልሳቁም። «የምትነሳው ራሷ ድምቡሼ ናት?» አሉት።

«አይ፣ ሌላ ናት። ግን መልካቸው አንድ ነው፣ አይለያዩም።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ባለቤቷ አንቺ ነሽ። ምን ይሻልሻል?»

አውጡልኝ ልል ነበር፤ መጫወቻዬ በጣም ናፍቆኛል። አዲሷን ጫጩት በልቤ ድምቡሼ ብዬ ልጠራት ሞከርኩ። አልሆነልኝም። «እዚያው ትረፍ» አልኩ። እትዬ ራቢያ ግንባሬን ሳሙኝ። አጎቴ እስከ ዛሬ ድረስ በእኔና በእሳቸው ይስቃል፤ ይሳቅ።

ዛሬ እኔም የልጅ እናት ነኝ። ልጄ በሚጫወተው ጌም ውስጥ ያሉት ሰዎች ላባቸው ሲንቆረቆር፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ሲወርድ ይታያል። «እማ፣ እውነተኛ ሰው አይመስልም?» ይለኛል። ይመስላል፤ አልዋሽም። ሆኖም እኛ ከነጥብ ያገኘነውን እነሱ ከዚህ ሁሉ ጌጥ አያገኙትም እያልኩ በሆዴ አጉረመርም ነበር። ሥዕሉ ሁሉንም ነገር ሠርቶ ከጨረሰ ለልብ ምን ሥራ ይተርፈዋል እላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጌሙ ውስጥ ከልጄ ጋር ሲጓዝ የከረመ አንድ ልጅ ሞተ። ወዲያው መብራት ጠፋ። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚነጫነጨው ልጄ ያን ቀን ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የጠቆረውን ስክሪን ያያል። «ጌም እኮ ነው» ልለው አፌን ከፈትኩ። ተውኩት። እኔ ሳዝን ጎረቤት መጥቶልኝ ነበር፤ ለእሱ ማን ይመጣለታል? ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ማን ነበር?» አልኩት።

የምቀልድበት መስሎት ቀና ብሎ አየኝ። እንዳልሆነ ሲገባው ጀመረ። ልጁ ውሃ ይፈራ እንደነበር፣ የጠፋች እህቱን ይፈልግ እንደነበር፣ ሲፈራ ደግሞ ያፏጭ እንደነበር ነገረኝ። ፉጨቱንም አፏጨልኝ። መብራት እስኪመጣ ድረስ አወራኝ። ያን ያማረ ፊቱን አንድ ቀን እንኳ አተኩሬ አይቼው ለማላውቀው ልጅ፣ ምንም በማይታይበት ስክሪን ፊት ተቀምጬ አለቀስኩለት።